አባል መቁጠር አንባቢ ማፍራት አይደለም

በራሳቸው ድረ ገጽ ለሚጽፉ ሰዎች ምክር የሚሰጥ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተመልክቻለሁ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ በፌስቡክ፣ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ቡድን ይክፈቱ፤ በስልክዎ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ያስገቡ፤ የጽሑፍዎን ሊንክ በሌሎች ቡድኖች ውስጥም በየቀኑ ይለጥፉ፤ ቡድኑ አንድም ቀን ዝም እንዳይል ያድርጉ፤ ጽሑፉን በሙሉ እዚያው ስለሚያወጡት ድረ ገጹ ራሱ አያስፈልግም፤ ሥርዓት እንዲሰፍንም አባላት እንዳይጽፉ ይከልክሉ፣ የሚነቅፈውንም ያስወጡ። የአባላቱ ቁጥር እያደገ ከሄደ የአንባቢ ማኅበረሰብ ተገንብቷል ይላሉ ጸሐፊው።

ለጀማሪዎች አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። እኔ ስለ ቤት ውስጥ ጥገና የምጽፍ፣ ከጽሑፎቹ ጎን ለጎንም የአንባቢዎች ቡድን የማስተዳድር ሰው ነኝና ጉዳዩ የዕለት ሥራዬ ነው። ምክሮቹን አንድ በአንድ ስመረምራቸው ግን ማኅበረሰብ የሚባለውን ነገር የትም ላገኘው አልቻልኩም። የሚናገር አንድ ሰው አለ፤ እንዲሰማ የተሰበሰበ ብዙ ሕዝብ አለ፤ አንባቢ ከአንባቢ ጋር የሚገናኝበት፣ እጁንም በጽሑፉ ላይ የሚያሳርፍበት ቦታ የለም። መከራከሪያዬ ይኸው ነው። ሰዎች የአንድ ጽሑፍ ማኅበረሰብ የሚሆኑት በጽሑፉ ላይ የሚሠሩት ሥራ ሲኖራቸው ነው። የሚጠይቁት፣ የሚያርሙት፣ የሚጨምሩት፣ ሞክረውም ውጤቱን ይዘው የሚመለሱበት ነገር ከሌለ ቡድኑ መቶ ሺህ ሰው ቢይዝም ባዶ ነው።

መነሻቸው ትክክል መሆኑን ግን አስቀድሜ ልናገር። ጽሑፍ አውጥቶ፣ የፍለጋ ሞተር አንባቢ እስኪያመጣ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም። ሰው ጊዜውን በሚያሳልፍበት ቦታ ሄዶ ማግኘት ተገቢ ነው። ቡድን ከፌስቡክ ገጽ ይልቅ ወደ ሰዎች ይደርሳል የሚለው ሐሳባቸውም መሠረት አለው፤ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ከንግድ ድርጅቶችና ከመገናኛ ብዙኃን ገጾች ይልቅ ከወዳጅ፣ ከቤተሰብና ከቡድን የሚመጣውን እንደሚያስቀድም በይፋ አስታውቋል። እስከዚህ ድረስ አብረን ነን።

የምንለያየው ከመጀመሪያው ምክር ጀምሮ ነው። የሚያውቁትን ሰው ሁሉ ያስገቡ ይላሉ። ሰውን ሳያስፈቅዱ ወደ ቡድን ማስገባት በደል ነው፤ ቃሉ ከበደ ቢባልም አላነሣውም። በተለመደው የዋትስአፕ ቡድን ውስጥ የእያንዳንዱ አባል ስልክ ቁጥር ለሌሎቹ ይታያል፤ ቡድኑ ደግሞ እስከ 1,024 ሰው ይይዛል። አንድ ጸሐፊ ወዳጁን ሳይጠይቅ ሲያስገባ የወዳጁን ስልክ ቁጥር ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሰጠ ማለት ነው። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2019 ማን ወደ ቡድን ሊያስገባቸው እንደሚችል ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው እንዲወስኑ የሚያስችል ማስተካከያ ያመጣው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንባቢ ለመሆን ያልመረጠን ሰው አባል ማድረግ ይቻላል፤ አንባቢ ማድረግ ግን አይቻልም። እንዲህ ተጎትቶ የገባ ሰው መጀመሪያ የቡድኑን ድምፅ ይዘጋል፤ ሰንበት ብሎም ማንም ሳያስተውለው ይወጣል።

ቁጥርን በተመለከተ አንድ የታወቀ መነጽር አለ። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 እንደ ግምታዊ ደንብ ያስቀመጡት ነገር ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ስብስቦች ውስጥ ከ100 ሰዎች 90ዎቹ አንብበው የሚያልፉ፣ 9ኙ አልፎ አልፎ የሚሳተፉ፣ 1ዱ ደግሞ አብዛኛውን የሚጽፍ ነው። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ዝም ያሉት 90ዎቹ አንባቢዎች ናቸውና ስለ ዝምታቸው ሊወቀሱ አይገባም። የቡድኑ ሕይወት ያለው ግን በጥቂቶቹ እጅ ነው፤ እነርሱም የሚመጡት ጉዳዩ ስለሚያገባቸው እንጂ ስማቸው በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ስለተገኘ አይደለም። የቴሌግራም ቡድን እስከ 200,000 አባላት ይቀበላል። ያ ጣሪያ የቴክኖሎጂው አቅም ነው፤ ለጸሐፊው ግብ ሊሆን አይገባም።

እኔ ሌላ መንገድ እመርጣለሁ። የፌስቡክ ቡድን ለሚገቡ ሰዎች እስከ ሦስት ጥያቄ ማቅረብ ይፈቅዳል። ብዙዎች ደንቡን ይቀበላሉ ወይ ብለው ብቻ ያልፉታል። የትኛውን ጽሑፍ አንብበው መጡ፣ ቤትዎ ውስጥ አሁን የተበላሸው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ግን ሁለት ፍሬ ያፈራል፤ የገባው ሰው ለምን እንደገባ ያውቃል፣ ጸሐፊውም ቀጥሎ ስለምን እንደሚጽፍ ያውቃል። ከጽሑፎቼ ብዙዎቹ የተወለዱት ከእነዚህ አጫጭር መልሶች ነው።

ሁለተኛው ምክር ሊንክን በሌሎች ሰዎች ቡድኖች ውስጥ በየዕለቱ መለጠፍ ነው። የሌላ ሰው ቡድን የሌላ ሰው ድካም ያቆመው ነው። ገብቶ፣ ሰላም ሳይሉ፣ የተጠየቀውን ሳያነቡ ሊንክ ጥሎ መውጣት፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ከማለት አይለይም። ሬዲት በተባለው የውይይት መድረክ ላይ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ልማድ አለ፤ አንድ ሰው የራሱን ሥራ አንድ ጊዜ ካቀረበ ዘጠኝ ጊዜ ደግሞ በሌሎች ጉዳይ ላይ ይሳተፍ የሚል ነው። መጠኑ ላይ ሊከራከሩ ይችላሉ፤ መንፈሱ ግን ልክ ነው። በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ የፌስቡክ ቡድኖች የሚለጥፉ ፕሮግራሞችን ይጠቀሙ የሚለው ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ውጫዊ ፕሮግራሞች ወደ ቡድኖች የሚገቡበትን በር እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ዘግቶታል።

ልዩነቱ በተግባር እንዲታይ አንድ የተለመደ ጥያቄ ልውሰድ። በጥገና ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ቧንቧው ጠብቆ ተዘግቶም ሌሊቱን ሙሉ እንደሚንጠባጠብ ጽፎ መላ ይጠይቃል። አንዱ ሊንኩን ለጥፎ ይሄዳል። ሌላው እዚያው ቁጭ ብሎ ይመልሳል፦ ውሃውን ከዋናው መዝጊያ ይዝጉ፤ እጀታውን ፈተው ከሥር ያለችውን የጎማ ቀለበት ያውጡ፤ ከተቦረቦረች ወይም ከጠነከረች ለልክ እንድትሆን ይዘዋት ሄደው አዲስ ይግዙ፤ አዲሷ ገብታም የሚንጠባጠብ ከሆነ የተበላው ቀለበቷ የምታርፍበት መቀመጫ ነው፣ እርሱ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ይህ መልስ ያለ ምንም ሊንክ ሙሉ ነው። ስለ መቀመጫው በሥዕል የተደገፈ ጽሑፍ አለኝ ቢል ማንም አይቀየመውም፤ እንዲያውም ጠያቂው ራሱ ሊንኩን ይለምነዋል። ሁለት ወይም ሦስት ቡድን መርጦ፣ እንዲህ እየመለሱ መክረም በሠላሳ ቡድኖች ውስጥ ከመለጠፍ ይልቅ አንባቢ ያመጣል። ጊዜ ይፈጃል። ጽሑፉ ያልነገረን አንዱ ነገር ይኼ ነው፤ አንባቢ የሚገኘው በጊዜ ነው።

በየቀኑ አንድ ነገር ይለጥፉ የሚለው ሦስተኛው ምክር ብዙ አያከራክርም። በየቀኑ የሚናገረው ቁም ነገር ያለው ሰው ይናገር። የሌለው ግን ቦታውን በመልካም ጠዋት ሥዕሎችና የተስማማችሁ ላይክ አድርጉ በሚሉ ጥሪዎች ይሞላል። ፌስቡክ እንዲህ ያሉትን ላይክና ማጋራት የሚለምኑ ልጥፎች ወደ ታች እንደሚያወርድ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ነው፤ ስለዚህ ምክሩ በራሱ መለኪያም አያዋጣም። ሰዎች የቡድኑን ድምፅ የሚዘጉት እንዲህ ባለው ጫጫታ ምክንያት ነው፤ ያን ጊዜ እውነተኛው ጽሑፍ ሲመጣ የሚሰማው የለም። ቡድን ለሳምንት ዝም ቢል አይሞትም።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ። ጽሑፉን በሙሉ ቡድኑ ውስጥ ካወጡት ድረ ገጽ አያስፈልግም ይላሉ ጸሐፊው። ወጣት ጸሐፊዎች ይህን ሰምተው ገጻቸውን ሲተዉ ማየት ያሳዝነኛል፤ የሚተዉት የሥራቸውን ቤት ነውና።

ታሪኩን እናስታውስ። ያሁ የተባለው ድርጅት የቡድን አገልግሎት፣ ያሁ ግሩፕስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የብዙ ሰዎች መሰብሰቢያ ነበር። በ2019 መጨረሻ ላይ ድርጅቱ ለዓመታት የተከማቸውን ጽሑፍ፣ ፎቶና ፋይል እንደሚያጠፋ አስታወቀ፤ አባላቱ ማስቀረት የቻሉትን ለማስቀረት ሲሯሯጡ ከረሙ፤ አገልግሎቱም በዲሴምበር 2020 ጨርሶ ተዘጋ። የጎግል ማኅበራዊ መድረክ የነበረው ጎግል ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2011 ተጀምሮ፣ በ2012 መጨረሻ ማኅበረሰቦች የተባሉ ስብስቦችን አክሎ፣ ለተራው ተጠቃሚ ኤፕሪል 2 ቀን 2019 በሩን ዘጋ። በሁለቱም ቦታ የነበሩት አስተዳዳሪዎች ሰነፎች አልነበሩም። ቡድኖቻቸው የጠፉት ቤቱ የራሳቸው ስላልነበረ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ደግሞ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በአንድ ላይ ለስድስት ሰዓታት ያህል ተቋረጡ፤ በእነዚህ ላይ ብቻ የቆመ ጸሐፊ በዚያ ቀን ለአንባቢዎቹ የሚያደርስበት አንድም መንገድ አልነበረውም። መድረኩ ሳይዘጋም ቢሆን የአስተዳዳሪው መለያ ከተሰረቀ ወይም ከታገደ፣ ሌላ አስተዳዳሪ ካልነበረ ቡድኑ ያለ ባለቤት ይቀራል።

ከመጥፋት መለስ ያለም ችግር አለ። በግል የፌስቡክ ቡድን ውስጥ የተጻፈን ነገር የፍለጋ ሞተር አያየውም። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ቡድን የወጣ ረጅም ጽሑፍ ከሥሩ በሚመጡት መልእክቶች ተውጦ በማግሥቱ ከዓይን ይርቃል። ቧንቧው የፈሰሰበት ሰው ያን ጽሑፍ የሚፈልገው ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። በድረ ገጽ ላይ ያለ ጽሑፍ በአንድ አድራሻ ጸንቶ ይጠብቀዋል፤ የተጻፈው ሲሻሻልም የሚሻሻለው እዚያው ነው።

ሆኖም በዚህ ነጥብ ውስጥ እውነት አለ፣ ልዝለለውም አልፈልግም። ብዙ አንባቢዎች የኢንተርኔት ጥቅላቸው የተመጠነ ነው፤ ሊንክ ከፍቶ ከባድ ገጽ መጫን ገንዘብ ነው። እዚያው ማንበብ ለእነርሱ እውነተኛ ጥቅም አለው። ስለዚህ ለቡድኑ የሚሰጠው ነገር ራሱን የቻለ መሆን አለበት። መልሱን ደብቆ ቀሪውን ለማወቅ ሊንኩን ይጫኑ ማለት አንባቢን መናቅ ነው። የጽሑፉን ፍሬ ነገር በሁለት አንቀጽ እዚያው መስጠት፣ ሥዕሉን፣ ዝርዝሩንና የተሻሻለውን ቅጂ ድረ ገጹ ላይ ማስቀመጥ ለሁለቱም ይበጃል። ድረ ገጹንም ቀላል አድርጎ መሥራት የጸሐፊው ግዴታ ነው፤ ፎቶ አሳንሶ መጫን ብቻውን ብዙ ያቃልላል። ከዚህ ጎን ለጎን፣ ፈቃደኛ የሆኑ አንባቢዎች ኢሜይላቸውን እንዲሰጡ መጋበዝ ያስፈልጋል። የኢሜይል ዝርዝር ከአንዱ አገልግሎት ወደ ሌላው ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው፤ የቡድን አባላትን ግን ነቅሎ መውሰድ አይቻልም።

የመጨረሻው ምክር አባላት እንዳይጽፉ መከልከልና ተቺዎችን ማስወጣት ነው። አስተዳዳሪው ብቻ የሚናገርበት ቦታ ቻናል ነው፤ ቴሌግራም ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ይሰጣል፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮም በቻናል ልጥፍ ሥር አስተያየት መስጠት ይቻላል። ቻናል መክፈት ምንም ነውር የለበትም፤ ማስታወቂያ ለማድረስ ጥሩ መንገድ ነው። ማኅበረሰብ ብሎ ጠርቶ አፉን መለጎም ግን ሌላ ነገር ነው።

አባላት መጻፍ ሲችሉ ምን እንደሚሆን ከራሴ ቡድን አንድ ነገር ላሳይ። ስለ ቧንቧ ጥገና በጻፍኩት ውስጥ የመጀመሪያው እርምጃ ዋናውን የውሃ መዝጊያ መዝጋት ነው። አንዲት አንባቢ የመዝጊያቸውን ፎቶ አንሥተው ላኩ፤ ክቡ እጀታ ዝጓል፣ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት ይዟል። አልዞር ብሎኛል፣ በመፍቻ ላስገድደው ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ ከማየቴ በፊት ለረጅም ዓመታት በቧንቧ ሥራ የቆዩ አንድ አባል ደርሰውላቸዋል፦ በፍጹም አያስገድዱት፣ ዘንጉ ከውስጥ ቢሰበር ውሃውን ማቆሚያ ያጣሉ፤ መጀመሪያ ቆጣሪው አጠገብ ያለው መዝጊያ ይሠራ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከሠራ ከዚያ ዘግተው ይህኛውን በባለሙያ ያስቀይሩ። ሌላ አባል ደግሞ በጋራ ሕንፃ የሚኖር ሰው የቆጣሪውን ከመንካቱ በፊት ጎረቤቶቹን ያስጠንቅቅ፣ የእነርሱም ውሃ ሊዘጋ ይችላልና አሉ። ሦስቱንም አስፈቅጄ ያሉትን ከነምስጋናው በጽሑፉ ውስጥ አስገባሁት፤ አሁን መዝጊያው የዛገበት ሰው ሁሉ መልሱን እዚያው ያገኛል። ፎቶውን የላኩት አንባቢም ዛሬ ለአዲስ ገቢዎች መልስ ከሚሰጡት አንዷ ናቸው።

በተዘጋ ቡድን ውስጥ ያ ፎቶ አይመጣም ነበር። በጽሑፌ ላይ ያን አንቀጽ የሚጽፍልኝ ሌላ ማንም የለም፤ የሁሉም ሰው ቤት ውስጥ ልገባ አልችልም። ለዚህ ነው በዚህ ነጥብ ላይ ድምፄ ከፍ የሚለው።

ሥርዓት ያስፈልጋል በሚለው ግን ጸሐፊውን እደግፋለሁ፤ ልዩነታችን በመሣሪያው ላይ ነው። ስድብ ይወገድ፣ ትችት ይቆይ። ደንቡ አጭር ይሁን፣ ከላይ ተሰክቶ ይታይ። ክርክር ሲጋጋል ቴሌግራም ላይ በአንድ ሰው ሁለት መልእክቶች መካከል የጊዜ ርቀት ማድረግ ይቻላል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ማንንም ሳያስወጣ ትኩሳቱን ያበርዳል። ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪዎች ይኑሩ። አንድ ጉዳይ ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ ፈጽሞ አልተነሣም። አጭበርባሪዎች የአስተዳዳሪውን ስምና ፎቶ ወስደው ለአባላት በግል ይጽፋሉ፣ ገንዘብም ይጠይቃሉ። አስተዳዳሪው በግል መልእክት ገንዘብ አይጠይቅም የሚል ማስታወቂያ ከደንቡ ጋር መሰካት አለበት፤ ሰው የገባው ጸሐፊውን አምኖ ነውና ኃላፊነቱ የጸሐፊው ነው። ይህ ሁሉ በየምሽቱ ሰዓት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሰዓቱ የሌለው ሰው ቡድን ባይከፍት፣ በድረ ገጹና በኢሜይል ብቻ ቢቆይ አንባቢውን አልበደለም።

መለኪያውስ? የአባላት ቁጥር በየሳምንቱ ይመዝገብ ይላሉ። እኔ የማየው ሌላ ነው። እኔ ሳልደርስ አንባቢ ለአንባቢ የመለሰው ጥያቄ አለ ወይ? ካለፈው ወር ጽሑፎች ውስጥ በአባላት ምክንያት የተሻሻለው የቱ ነው? ሞክሬው ሠራ ወይም ሞክሬው አልሠራም ብሎ የተመለሰ አለ ወይ? ሞክሬው አልሠራም የሚለው መልእክት ከብዙ ላይክ ይበልጥብኛል፤ ቀጣዩን እርማት የያዘው እርሱ ነው።

ጽሑፉ አሁንም እየተጋራ ስለሆነ ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። በሌሎቹ ነጥቦች ላይ በሐሳብ ልንለያይ እንችላለን። ሰዎችን ሳያስፈቅዱ ወደ ቡድን ማስገባት የሚለውን ግን እባክዎ ከጽሑፉ ያውጡት፤ በምክሩ ምክንያት ስልክ ቁጥራቸው ለማያውቁት ሰው የሚገለጥባቸው፣ ጽሑፉን አንብበው እንኳ የማያውቁ ሰዎች አሉ።